ለአባቴ መኪና የመረጥኩት ኮንቨርተር

የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ ዘመዱም ጎረቤቱም ከተበተነ በኋላ፣ አባቴ ትራሱንና ሁለት ብርድ ልብሱን ታቅፎ ከቤት ወጣና ጓሮ ወደቆመችው አሮጌ መኪና ገባ። እኔና እህቴ የድንኳኑን ሰዎች ሰሃን እያጠብን ነበር። ዕቃ ሊያስቀምጥ መስሎን ዝም አልነው። ራት ሲደርስ ብንጠራው ከዚያው ሆኖ "እዚሁ አምጡልኝ" አለን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤት ውስጥ አድሮ አያውቅም።

መኪናዋን "ቤት መኪና" ነበር የምንላት። አባቴ ሾፌር ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ዱቦ ይኖር ለነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነድቷል። ሐኪሙ ገጠር ለገጠር እየዞረ ሕፃናት ሲከትብ የሚያድርባት ረጅም ቫን ናት። ውስጧ አንድ አልጋ፣ ተጣጥፋ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥንና የእጅ መታጠቢያ አለ። ሐኪሙ አርጅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ሞተሯ ብዙም ሳይቆይ ነክሶ ቆመ። ጎማዎቿ መሬት ገቡ፣ እህቴም በቆሎና በርበሬ ታስቀምጥባት ጀመር። አባቴ ግን በየዓመቱ መስኮቶቿን ያጥብ፣ የበሯን ማጠፊያ ዘይት ይቀባ ነበር። እናቴ "አሁን ይቺ ምን ትሠራልሃለች?" ስትለው ይስቃል እንጂ አይመልስም።

የምንኖረው ወላይታ ውስጥ፣ አረካ አጠገብ ባለችው ዱቦ ነበር። እኔ አሁን ሶዶ ነኝ፤ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቴ እዚያው ግቢ ትኖራለች፤ እናቴን ያስታመመችው እሷ ናት። እናቴ ባረፈችበት ጠዋት እኔ ተማሪዎች እየፈተንኩ ነበር። ስልኬን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ፈተናው አልቆ ስከፍተው እህቴ ሰባት ጊዜ ደውላለች። መልሼ ስደውል ያነሳው ጎረቤት ነው። እህቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። የዱቦን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከጠዋት ይጀምራል፣ ጉሙ ከእንሰቱ ላይ አይነሳም፣ የታጠበ ልብስ ሳምንቱን ሙሉ አይደርቅም። የመኪናዋ አካል ቆርቆሮ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ከውስጥ ውሃ ያወርዳል። አንድ ሐሙስ እህቴ ደወለች።

"አባዬ ያስለዋል። ቤት ግባ ብለው እሺ አይለኝም። አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማሻል።"

"ብርድ ልብስ ጨምሪለት።"

"አራት አድርጌለታለሁ። ትናንት ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁለት።"

ደነገጥኩ። "እትዬ፣ ከሰል በተዘጋ መኪና ውስጥ? ይገድለዋል እኮ! ሁለተኛ እንዳታደርጊው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለችና ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ አረካ ወረድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ ዱቦ ገባሁ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ካፖርቱን ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ቤተሰባችን እርስ በርሱ የሚያወራው በወላይትኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ አባቴ ሲቆጣም ድምፁ አይነሳም።

"ቤት ለምን አትገባም?" አልኩት።

መስኮቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

"አርባ ስድስት ዓመት ከአንድ ሰው ጋር የተኛ ሰው እጁ አያርፍም" አለኝ። "ቤት ስተኛ እጄ በእንቅልፍ ልቤ ይፈልጋታል። ያጣታል። ከዚያ እነቃለሁ። እዚህ ግን እናትሽ ተኝታ አታውቅም። እጄም ያውቀዋል መሰለኝ፣ አይፈልጋትም።"

አንድ ነገር ማለት ስለነበረብኝ "እንግዲያው እዚሁ እንዲሞቅህ አደርጋለሁ" አልኩት።

"አትድከሚ" አለኝ። ግን አልተቃወመኝም።

ማሞቂያውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሶዶ ውስጥ ያረጁ መኪናዎች እየተፈቱ መለዋወጫቸው የሚሸጥበት አንድ ጋራዥ አለ። እዚያ ከአንድ ትልቅ ቫን የወጣ፣ የተማሪ ቦርሳ የሚያህል የናፍጣ ማሞቂያ አገኘሁ። ናፍጣ በጠብታ እየወሰደ በተዘጋ ብረት ውስጥ ያቃጥላል። ጭሱ ከወለሉ በታች በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ የሚገባው በማራገቢያ የሚገፋ ንጹሕ ሙቅ አየር ብቻ ነው። ከከሰል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወስጄ ገጠምኩት።

አልነሳም አለ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ማቀጣጠያው መጋል ይጀምራል፣ ከዚያ ጠቅ ብሎ ይጠፋል። ደጋግሜ ሞከርኩ። አባቴ ከአልጋው ሆኖ ያየኛል። በመጨረሻ አልጋውን አንስቼ ከስሩ ያለውን አሮጌ ኮንቨርተር አየሁት። ከቤት በገመድ የሚመጣውን ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለመኪናዋ ወደሚስማማ አሥራ ሁለት ቮልት የሚያወርደው እሱ ነው። እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ሲነኩት ያቃጥላል። በመለኪያዬ ለካሁት። ምንም ሳይሸከም አሥራ አራት ያሳያል፤ ማሞቂያው ሲነሳ ወደ አሥር ይወርዳል። ማሞቂያው የራሱ መቆጣጠሪያ ካርድ ስላለው ኃይሉ ሲወርድበት ራሱን ያጠፋል። ለአምፖልና ለሬዲዮ የተሠራ ኮንቨርተር ነው፤ ከዚህ በላይ አይችልም። ባትሪውንም ለዓመታት ያለ ልክ እየሞላ አድርቆታል።

"ጥፋቱ የማሞቂያው አይደለም፣ አባዬ። ኮንቨርተሩ ነው መቀየር ያለበት" አልኩት።

"የፈረንጁ ዕቃ ነው፣ አርጅቷል" አለኝ። ከዚያ ሳል ያዘውና ወሬያችን ተቋረጠ።

ሰኞ ከክፍል ስወጣ ሶዶ ገበያ አጠገብ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ለኮሌጁ ዕቃ ስለምገዛ ያውቁኛል።

"ኢንቨርተር ነው የምትፈልጊው?" አሉኝ።

"አይደለም ሐጂ። ተቃራኒው ነው። ከባትሪ ወደ መብራት ኃይል የሚያወጣ ሳይሆን ከመብራት ኃይል ወደ አሥራ ሁለት የሚያወርድ፣ ባትሪም የሚሞላ።"

"ሰው ሁሉ ኢንቨርተር ነው የሚጠይቀኝ" አሉና በርጩማ ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረዱ። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። "ይሄ ነው ያለኝ። ሃያ አምፒር። ይበቃሻል?"

ወረቀት አውጥቼ እዚያው መደብ ላይ አሰላሁ። ማሞቂያው ሲነሳ አሥር አምፒር ይፈልጋል። ሁለቱ አምፖልና ሬዲዮው ሦስት። የሚተርፈው ሰባት አዲስ የምገዛለትን ባትሪ ይሞላል። ያውም ማሞቂያው አሥሩን የሚፈልገው ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሁለት ይበቃዋል። መብራት ከሄደ ባትሪው ይዞት ይቆያል።

"ይበቃል" አልኩ። "ግን ጠርዝ ላይ ነው።"

"ጠርዝ ላይ ማለት?"

"ትርፍ የለውም። ባትሪውንም በአንድ ዓይነት ኃይል ነው የሚሞላው፤ ሲሞላ ራሱ የሚቀንሰው ዓይነት ነው የምፈልገው። አርባ አምፒር ቢሆን ጥሩ ነው።"

"አርባው አዲስ አበባ አለ። ባስመጣልሽ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።" ትንሽ አሰቡ። "ለማን ነው?"

"ለአባቴ።"

"ዕድሜያቸው ስንት ነው?"

"ሰባ ስምንት።"

"እንግዲያውስ ልጄ፣ ይሄን ዛሬ ውሰጂ። አርባው ሲመጣ ትለውጪዋለሽ፣ እኔ እቀበልሻለሁ።"

ይህን ቃላቸውን ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ። የሰጡኝ ምክር ከኔ ስሌት የተሻለ ነበር። እኔ ግን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ "ዕቃን እስከ ጫፉ አትጫኑት" እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ፣ ሌላ መግጠም ደስ አላለኝም። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ለእናቴ አንድም ነገር አላደረግኩም። ለአባቴ የማደርገው እንከን የሌለበት እንዲሆን ፈለግኩ፤ ሰው አይቶት "ልጁ ሠራችለት" የሚለው እንዲሆን። ካርቶኑን መለስኩላቸው።

"አርባውን እጠብቃለሁ ሐጂ።"

በርጩማው ላይ ተመልሰው ወጡና ካርቶኑን ቦታው አስቀመጡት።

በማግስቱ እህቴ ደወለች። "አገኘሽ?"

"ሶዶ የለም" አልኳት። "ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው።"

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አለ፣ ግን እኔ አልወደድኩትም ብላት ስለምትቆጣኝ ይመስለኛል። አንዴ ከተናገርኩ በኋላ ግን ማስተካከል አልቻልኩም።

ሁለቱ ሳምንት ሦስት ሆነ። ሱቁ ጋ በተመላለስኩ ቁጥር ሐጂ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ "ዕቃው ተጭኗል ብለውኛል፣ ልጄ።" አንዴ የጫነው መኪና ተበላሸ፣ አንዴ ደግሞ የመጣው ሌላ ዓይነት ሆኖ ተመለሰ። ያ ሃያ አምፒሩ ካርቶን መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ዓይኔ በሄደ ቁጥር እሱን ያያል። "አሁን ልውሰደው" እላለሁ፤ ደግሞ "ይህን ያህል ጠብቄማ ሦስት ቀን አያቅተኝም" እላለሁ። እህቴ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ሳሉ እንዳልቀነሰ፣ ሾርባ ብቻ እንደሚጠጣ፣ ቤት ግባ ስትለው ፊቱን እንደሚያዞርባት ትነግረኛለች። "ያ ዕቃ እስካሁን አልመጣም?" ትለኛለች። "እየመጣ ነው" እላታለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ አባቴ መነሳት አቃተው። እህቴ ጎረቤት ጠርታ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረሱት። የሳንባ ምች ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ሐጂ ደወሉልኝ። "አርባው ገባ፣ ልጄ፣ ደስ ይበልሽ" አሉኝ። የቆምኩት ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ነበር። ደስ ብሎኛል አልኳቸው።

አባቴ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ሲያየኝ ፈገግ አለ። "በመጨረሻ ቤት ውስጥ አስተኛችሁኝ" አለኝ። እህቴ ሳቀች። እኔ ልስቅ ብዬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ውጭ ጠርታ አናገረችን። ሳንባው ከድሮም ደካማ እንደሆነ፣ ምቹን እንደሚያልፈው፣ ነገር ግን እንደ በፊቱ እንደማይሆን በጥንቃቄ ነገረችን። "ብርድ እንዳይነካው" አለችን። እህቴ ወደኔ ዞረች።

ዕቃውን ከሶዶ አምጥቼ ቅዳሜና እሑድን መኪናዋ ውስጥ ዋልኩ። አሮጌውን ኮንቨርተር ፈትቼ አወጣሁት። ከቤት የሚመጣው ገመድ ቀጭን ስለሆነ በወፍራም ለወጥኩት። አዲስ ባትሪ አስገባሁ፤ በሁለቱ መካከል ፊውዝ አደረግኩ። የጭስ ማውጫውን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ አጠበቅኩ፣ ጭስ ወደ ውስጥ አለመግባቱን ለማየትም ረጅም ሰዓት በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። አዲሱ ኮንቨርተር ቀላል ነው፣ ድምፅ የለውም። ማሞቂያውን ስከፍተው መለኪያዬ ከአሥራ ሦስት ተኩል ፈቀቅ አላለም። ማራገቢያው ዞረ፣ እሳቱ ያዘ፣ ከታችኛው ቀዳዳ ሙቅ አየር እግሬ ላይ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ሥራ የለም። አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አባቴ በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣ። እህቴ እጁን ይዛ ወደ ቤት በር ልትመራው ስትል እሱ ዝም ብሎ ወደ ጓሮ አመራ። ገባና ቆመ። እጁን ወደ አየሩ መውጫ ዘረጋ፤ ውስጡንና ጀርባውን እያገላበጠ አሞቀው። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀ። ከሰኔ ጀምሮ ያንን ካፖርት ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ከውስጥ ምን ያህል እንደከሳ ያየሁት ያኔ ነው።

"ፈረንጁ ይህ ቢኖረው ኖሮ" አለ፣ "ዱጉና ተራራ ላይ ስናድር እንደዚያ አይንዘፈዘፍም ነበር።"

ጊፋታ ደረሰ። ያለ እናታችን የመጀመሪያው ዘመን መለወጫ ነው። እህቴ ሥጋውንም፣ በቅቤ የራሰውን ቆጮም፣ ዳጣውንም እንደ ልማዱ አሰናዳች። አባቴ ግን ቤት ገብቶ ማዕድ ላይ ለመቀመጥ እንቢ አለ። እህቴ ማዕድ ቤት ቆማ ትንሽ አሰበችና ትሪውን አንስታ "ነይ በሩን ያዥልኝ" አለችኝ። ሦስታችን መኪናዋ ውስጥ በላን። ጉልበታችን ይነካካል፤ ጠረጴዛዋ ትሪውን አልችል ብላ እህቴ ጭኗ ላይ ያዘችው። አባቴ እናታችን በተጋቡበት ዓመት ጊፋታ ቅቤውን እንዴት እንዳሳረረችውና ከአማቷ ለመደበቅ ምን እንዳደረገች አወራን። ከሞተች ወዲህ ስለሷ ሲያወራ የመጀመሪያው ነው። መስኮቱ በትንፋሻችን ተሸፈነ። እህቴ ከልቧ ስትስቅ ልጅነቷን ትመስላለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። ሳሉ ተመለሰ፣ ጉልበቱ በየሳምንቱ ቀነሰ፤ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ገብቶ ወጣ። በኅዳር አንድ እሑድ፣ እህቴ ከቅዳሴ እንደተመለሰች፣ አባቴ እዚያው አልጋው ላይ አረፈ። እኔ እግሩ ሥር ነበርኩ፤ እግሩ ሞቃት ነበር። እህቴ ዓይኑን ከደነችለት። በሩን ከፍታ ወጣችና ለጎረቤት ድምፅ ከማሰማቷ በፊት ደጁ ላይ ትንሽ ቆመች። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

እህቴን የነገርኳት ለቅሶው ካለቀ በኋላ ነው። ብርድ ልብሶቹን እያጠፍን ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘናል።

"እትዬ፣ ሶዶ ኮንቨርተር ነበር" አልኳት። "በመጀመሪያው ቀን። ሃያ አምፒር። ይበቃው ነበር። አርባው ይሻላል ብዬ ነው የተውኩት።"

ብርድ ልብሱን አልለቀቀችም። "የለም ብለሽኝ ነበር።"

"ዋሽቼሽ ነው።"

"ይበቃው ነበር?"

"አዎ። ይበቃው ነበር።"

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "ይሄን አሁን ለምን ነገርሽኝ?" አለች፣ ድምፅዋ ሳይነሳ፣ ልክ እንደ አባታችን። "እሱን ላይመልሰው። እኔ ደግሞ ይዤው እንድኖር?" ብርድ ልብሱን ከእጄ ወስዳ ብቻዋን አጠፈችው።

ምናልባት ሃያ አምፒሩን ያን ሰኞ ብወስደው ኖሮ ሌላ ጊፋታ እናይ ነበር። ምናልባትም ምንም አይለወጥም ነበር፤ ሐኪሟ ሳንባው ከድሮም ደካማ ነው ብላለች። ስሌት ማስተማር ሥራዬ ነው፣ ይህን ግን የማሰላበት መንገድ አላገኘሁም። እህቴ ስልክ መደወል አቆመች። እኔ ስደውል ታነሳለች፣ ደህንነቷን ትነግረኛለች፣ ትዘጋለች።

ቢሆንም በየሁለት ሳምንቱ መሄዴን አልተውኩም። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ስደርስ እህቴ ከቤቱ ጀርባ ጎደሬ እየነቀለች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ወገቤ ላይ አሰርኩና ሌላኛውን መደብ ያዝኩ። መሬቱ ደርቆ ስለነበር አንዱን ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መቆፈር ነበረብኝ። እስከ ከሰዓት ድረስ ጎን ለጎን ሠራን። ስለ ዋጋው፣ ስለ ፍልፈሉ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አንዳንድ ነገር አለችኝ። ስለሌላው አልተነጋገርንም።

ልሄድ ስል ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አምጥታ ጎደሬውን ሞላችበት። አፉን በገመድ አስራ አነሳችና ክብደቱን መዘነችው።

"ይከብድሻል" አለችኝ።

"እችለዋለሁ።"

"እስከ ባጃጁ እንያዘው" አለችና በአንደኛው ጫፍ ያዘች።